ከ50 ዓመት በኋላ የከተማዎን መንገድ ሁሉ ይሩጡት!

ዛሬ የበሽታ ምልክት አልዘረዝርም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎትና ከዚያ የራሴን አስተያየት ላካፍልዎት።

ባለፉት 4 ሳምንታት ከመኝታ ክፍልዎ ምን ያህል ርቀው ሄደዋል? ሳሎን ድረስ? ግቢ? ሰፈር ውስጥ? ከሰፈር ወጥተው ከተማ ውስጥ? ከከተማ ውጪ?

ቀልድ አይደለም። አረጋውያንን የሚከታተሉ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መጠይቅ ነው። አንድ ሰው የሚንቀሳቀስበት ዓለም እየጠበበ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አቅሙና ጤናውም አብሮ እየወረደ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጨምርበት፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በእግርዎ የሄዱት የትኛውን ነው?

ብዙ የአዲስ አበባ ሰው 50ን ሲሻገር ኑሮው እንዲህ ይሆናል፦ ከቤት ወደ መኪና ወይም ታክሲ፣ ከዚያ ወደ ቢሮ ወይም ሱቅ፣ ከዚያ ተመልሶ ቤት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ አርብ መስጊድ፣ አልፎ አልፎ ለቅሶና ሠርግ። በቃ። ጡረታ ሲመጣ ደግሞ ከዚህም ላይ ግማሹ ይቀራል። ከተማው በየዓመቱ ይሰፋል፣ የሰውየው ዓለም ግን ወደ 3 እና 4 መንገድ ይጠባል። ደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ የወገብ ሕመሙ፣ እንቅልፍ ማጣቱ የሚመጣው በዚሁ መሀል ነው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ከ50 ዓመት በኋላ ለጤናዎ ግብ ማውጣት ከፈለጉ ኪሎ አይቁጠሩ፣ ሰዓትም አይቁጠሩ። መንገድ ይቁጠሩ። የሚኖሩበትን ከተማ እያንዳንዱን መንገድና ቅያስ፣ በሶምሶማም ይሁን በእርምጃ፣ አንድ በአንድ በእግርዎ ይጨርሱ። 5 ዓመት ይፍጅ፣ 15 ዓመት ይፍጅ፣ ግድ የለም። እንዲያውም ጥቅሙ መርዘሙ ላይ ነው።

📌 ይሄ ነገር ከየት መጣ?

በዓለም ላይ የከተማቸውን መንገድ ሁሉ በሩጫ የሚጨርሱ ሰዎች አሉ። ሪኪ ጌትስ የተባለው አሜሪካዊ ሯጭ እ.ኤ.አ. በ2018 የሳን ፍራንሲስኮን መንገዶች በሙሉ ሮጦ ጨርሷል። ዛሬ እንደ ስትራቫ ያሉ መተግበሪያዎች የሮጡበትን መስመር ካርታ ላይ ያስቀሩልዎታል። ሲቲስትራይድስ የሚባለው ደግሞ ከከተማው መንገዶች ውስጥ ስንቱን እንደጨረሱና ስንቱ እንደቀረዎት ይቆጥርልዎታል።

ሪኪ ጌትስ ግን በሩጫ የሚኖር ጎልማሳ ነው። እሱ በሳምንታት የጨረሰውን እርስዎ በሳምንታት ለመጨረስ ከተነሱ ጉልበትዎን ይዘው ወደ ሐኪም ይመጣሉ። እኔ ይህን ግብ የምደግፈው ለወጣቱ ሳይሆን ዕድሜው ለገፋው ሰው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በሳምንት 3 ቀን ይወጣሉ እንበል። በያንዳንዱ ቀን ከዚህ በፊት ያልረገጡትን 2 ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ይጨምራሉ። በሳምንት 6 ኪሎ ሜትር ነው። በዓመት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ10 ዓመት 3,000 ኪሎ ሜትር አዲስ መንገድ! የተመለሱበትና የደገሙት ሳይቆጠር ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

📌 ለምን ኪሎና ሰዓት አይሆንም?

ኪሎ የመቀነስ ግብ ችግሩ ሁለት ነው። ካልቀነሱ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ከቀነሱ ደግሞ "ደረስኩ" ብለው ያቆማሉ።

የፍጥነት ግብ ደግሞ ከ50 በኋላ ተሸናፊ የሚያደርግ ውድድር ነው። ሰውነት ኦክስጅንን ተጠቅሞ ጉልበት የማውጣት አቅሙ ከጎልማሳነት በኋላ በየ10 ዓመቱ በአማካይ ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል። እንቅስቃሴ ፍጥነቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ቀነኒሳ በቀለን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ሮጠ። በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። ዕድሜው 40 ከሞላ ሰው ያን ያህል የፈጠነ በታሪክ አልነበረም። ያም ሆኖ ሰዓቱ ከራሱ ምርጥ በ2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ዘግይቷል። ሰዓት ለቀነኒሳም አያደላም፣ ለኔና ለእርስዎ ሊያደላ አይችልም።

ካርታ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የረገጡት መንገድ የእርስዎ ሆኖ ይቀራል። ዘንድሮ ታመው 3 ወር ቢተኙ ካርታው ወደ ኋላ አይመለስም፣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዘገምተኛም ፈጣንም እኩል ነው የሚቆጠርለት። ለአንድ የ60 ዓመት ሰው በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ፣ ከቶ የማይቀንስ የስፖርት ቁጥር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ይሄኛው አንዱ ነው።

📌 ሰውነት ምን ያተርፋል?

በማስረጃ እንነጋገር። አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ 50 ዓመት ያለፋቸውን የሩጫ ክለብ አባላትና የማይሮጡ እኩዮቻቸውን ለረጅም ዓመታት ተከታተሉ። ከ19 ዓመት በኋላ ከማይሮጡት 34 በመቶው ሞተው ነበር፣ ከሯጮቹ ግን 15 በመቶው። በራስ ልብስ መልበስ፣ ከወንበር መነሣት፣ ዕቃ ማንሣት በመሳሰሉት የዕለት ተዕለት ነገሮች ላይም ሯጮቹ አቅማቸው የደከመው ከብዙ ዓመት በኋላ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሩጫ የሚመርጥ ሰው ድሮውንም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን ሁሉ ለሩጫ መስጠት አይቻልም። ግን ችላ የሚባልም ልዩነት አይደለም።

"መሮጥ አልችልም" ለሚሉም መልካም ዜና አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወጥቷል። በቀን 7,000 እርምጃ የሚራመዱ ሰዎች 2,000 ብቻ ከሚራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ ያለ ዕድሜ የመሞት ዕድላቸው በ47 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የግድ 10,000 መሙላት አያስፈልግም ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ። በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። 65 ዓመት ለሞላው ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ።

📌 አእምሮስ?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝ ይሄኛው ነው። አእምሯችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አዲስ ነገር የምናስታውሰውም፣ መንገድ የምናውቀውም በሱ ነው። የመርሳት በሽታ ሲጀምር ቀድመው ከሚጎዱት ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው ያለበት አባት የሰፈሩ መንገድ የሚጠፋበትም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆኑ 120 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በሳምንት 3 ቀን ለ40 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለው እንዲራመዱ፣ ግማሾቹ ሰውነት እንዲያፍታቱ ተደረገ። የተራማጆቹ ሂፖካምፐስ በ2 በመቶ ገደማ ጨመረ። የሌሎቹ ግን እንደተለመደው ቀነሰ። ልብ ይበሉ፣ ሩጫ እንኳን አይደለም፣ እርምጃ ነው!

ሌላው የታወቀ ጥናት የለንደን ታክሲ ሾፌሮች ላይ የተሠራው ነው። ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚሆኑ የከተማውን መንገዶች በቃል ማጥናት አለባቸው። የነሱ ሂፖካምፐስ የኋለኛው ክፍል ከሌላው ሰው ሰፋ ብሎ ተገኝቷል። "መንገድ ሁሉ የሮጠ ሰው መርሳት አይዘውም" እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ የሚልዎት ካለ አይመኑት። ግን በአንድ ጊዜ እግርንም አእምሮንም የሚያሠራ፣ ዋጋው አንድ ጫማ የሆነ ነገር አለ ቢባል ይሄ ነው። በጂም መሮጫ ማሽን ላይ 40 ደቂቃ ሲሮጡ አእምሮዎ የሚያውቀው ግድግዳውን ብቻ ነው። ባላወቁት ቅያስ ሲገቡ ግን "በየት ነው የምወጣው?" ማለት የግድ ነው።

📌 አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይሆናል?

"ኧረ ዶክተር፣ ያ ለሳን ፍራንሲስኮ ነው። የኛ መንገድ ስም እንኳን የለውም!" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ እኛ አገር አድራሻ የሚነገረው "ከቶታል ወረድ ብሎ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ቢጫ በር" እየተባለ ነው። ግማሹ የውስጥ ለውስጥ ቅያስ መተግበሪያው ካርታ ላይ አይገኝም። እና ምን ችግር አለው? እንዲያውም ይሻላል! ካርታው የማያውቀውን የእርስዎ እግር ያውቀዋል። በስልክዎ መስመርዎን ይመዝግቡ፣ ወይም ደብተር ላይ በእጅዎ ይሳሉት።

ከቤትዎ ጀርባ ካለው ቅያስ ይጀምሩ። እዚያው ሰፈር 20 ዓመት ኖረው ገብተው የማያውቁበት መንገድ አያጡም። ሰፈርዎን ሲጨርሱ ወደ ጎረቤት ሰፈር ይሻገሩ። ከዚያ በታክሲ ወይም በባቡር ሄደው ከሌላ ሰፈር ይጀምሩ። ለቡ ያለው ጉለሌን፣ አያት ያለው ኮልፌን በእግሩ ይወቀው።

ይሄን የምለው በሌላም ምክንያት ነው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ ብዙ ነባር ሰፈር ፈርሷል። ዶሮ ማነቂያ ያደገ ሰው ዛሬ የሚኖረው ከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ሊሆን ይችላል። ከ50 በላይ የሆነ ሰው ከሰፈሩ ሲነቀል የሚያጣው ቤት ብቻ አይደለም። ሰላም የሚለውን ሰው፣ ቡና የሚጠጣበትን በር፣ ዕድር የሚሰበሰብበትን ግቢ ያጣል። አዲሱ ቦታ ላይ ከታክሲ ማቆሚያው እስከ ብሎኩ ያለውን መንገድ ብቻ ያውቃል። ብቸኝነት በሽታ ነው ስንል ዝም ብለን አይደለም፤ ከልብ ሕመምና ከመርሳት በሽታ ጋር ያለው ዝምድና የታወቀ ነው። በየማለዳው አዲሱን ሰፈር እየሮጠ የሚያስስ ሰው በ3 ወሩ ባለ ሱቁም፣ ጥበቃውም፣ ጉልት የምትቸረችረዋም "ዛሬስ ዘገዩ፣ በሰላም ነው?" ይሉታል። ይሄንን በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ ፋርማሲ የለም።

አዲስ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለጀማሪ ይመቻሉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" በሰፈርዎ በሚኖርበት እሁድ ደግሞ መኪና የሚበዛባቸውን ዋና መንገዶች ያኔ ይጨርሷቸው።

📌 "ኧረ ዶክተር" ለምትሉኝ

👉 "ጉልበቴስ?" ሩጫ ጤነኛ ጉልበትን ይበላል የሚለው በጥናት አልተደገፈም። በዚያው በስታንፎርድ ክትትል ላይ የአንዳንዶቹ ጉልበት ለ20 ዓመት ያህል በራጅ ታይቶ ነበር፤ ሯጮቹ ላይ የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት ከሌሎቹ በልጦ አልተገኘም። ቀድሞ የተጎዳ፣ የሚያብጥ ወይም የሚቆለፍ ጉልበት ካለዎት ግን በእርምጃ ይቆዩና ይታዩ። አዲስ አበባ ላይ ጉልበት የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ሽቅብ ዱብ ዱብ ይበሉ፣ ቁልቁል በእርምጃ ይውረዱ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይም አይሩጡ።

👉 "ልቤስ?" የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ስኳር፣ የኩላሊት ሕመም ያለብዎት፣ የሚያጨሱ፣ ወይም ብዙ ዓመት ምንም ሳይንቀሳቀሱ የቆዩ ከሆነ ሶምሶማ ከመጀመርዎ በፊት ምርመራ ያድርጉ። የደም ግፊትዎ ሳይለኩ አይጀምሩ፤ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ይታከሙ። ሲሮጡ ደረት ላይ መጫን፣ ወደ ግራ እጅ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት፣ የልብ ምት መዘበራረቅ ከመጣ ያቁሙ። ነገ አይደለም፣ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

👉 "ምን ያህል ፍጥነት?" እያወሩ መሮጥ መቻል አለብዎት። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ካቃተዎት ፈጥነዋል። በተለይ አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ የልብ ምትን ስለሚይዝ የእጅ ሰዓትዎ ቁጥር ያታልልዎታል፤ በንግግርዎ ይለኩ። መሀል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ከውጭ ለእረፍት የምትመጡ ወገኖቻችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በእርምጃ ብቻ ብታደርጉት መልካም ነው።

👉 "ጾም ላይ ነኝ፣ ስኳርም አለብኝ።" ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ሳይበላ ቢሮጥ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በባዶ ሆድ አይሩጡ፤ ስለ ጾሙም ስለ ሩጫውም አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ይያዙ። እግርዎን ከመሮጥዎ በፊትና በኋላ ይመልከቱ፤ የማያሳምም ቁስል ለስኳር ሕመምተኛ ትልቅ አደጋ ነው። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ውኃ አይርሱ።

👉 "ውሻስ?" አይሽሹ፣ ቆም ብለው ፊትዎን ሳያዞሩ ቀስ ብለው ያፈግፍጉ። ከነከሰዎት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና ወዲያው ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። "ትንሽ ነው የጫረኝ" አይባልም።

👉 "መኪናስ?" እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስጋቴ። ፋውጃ ሲንግ የሚባሉ ትውልደ ሕንድ እንግሊዛዊ ነበሩ። የመጀመሪያ ማራቶናቸውን በ89 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ሮጡ። በፓስፖርታቸው ዕድሜ 100 ሲሞላቸው በ2011 ቶሮንቶ ላይ ሌላ ማራቶን ጨረሱ። ልባቸው አልከዳቸውም፣ ጉልበታቸውም። በ2025 በ114 ዓመታቸው የትውልድ መንደራቸው ውስጥ በእግር ሲሄዱ መኪና ገጭቷቸው ነው ያረፉት። ስለዚህ ጨለማ ላይ አይውጡ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን በደንብ ይነጋል። ደማቅ ልብስ ይልበሱ። የእግረኛ መንገድ ከሌለ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ ይሩጡ። ጆሮዎ ላይ ሙዚቃ አይክተቱ። የመኪና ጭስ የሚከብድባቸውን መንገዶች ለእሁድ ማለዳ ያቆዩ። ሴት እህቶችና እናቶች ደግሞ አዲስ ሰፈር ሲሄዱ ሁለት ሦስት ሆነው ቢወጡ ይመረጣል።

📌 አጀማመር

✅ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ በሳምንት 4 ቀን 30 ደቂቃ እርምጃ። ሁሌም ቢያንስ አንድ አዲስ ቅያስ።
✅ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 3 ደቂቃ እርምጃ፣ እያፈራረቁ። በሳምንት 3 ቀን።
✅ ከዚያ በኋላ፦ ሰውነትዎ ሲፈቅድ ሶምሶማውን ወደ 2፣ ወደ 3 ደቂቃ ያሳድጉ። ሁልጊዜ እርምጃ እያስገቡ መቀጠል ነውር አይደለም።
✅ በሳምንት 2 ቀን ቤት ውስጥ፦ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዘው በእግር ጣት 10 ጊዜ መቆም፣ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም። ይህ ከመውደቅ ይጠብቃል።
✅ ከሮጡ በማግስቱ ይረፉ። ከሁለት ቀን በላይ የሚቆይ ሕመም ካለ ሳምንቱን ወደ እርምጃ ይመለሱ።

📌 የመጨረሻው መልእክቴ ለልጆች ነው

ይሄን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ገና 50 ያልሞላችሁ እንደሆናችሁ እገምታለሁ። ስለዚህ ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ።

በባህላችን ትልቅ ሰው የሚከበረው በማስቀመጥ ነው። "እማዬ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ አመጣዋለሁ።" "አባዬ ሱቅ ምን ያስኬድሃል? ልጁ ይላካል።" "በዚህ ዕድሜዎ ደረጃ አይውጡ፣ በመኪና ላድርስዎት።" ደስ የሚል ባህል ነው፣ ፍቅር አለበት። በሕክምና ዓይን ሲታይ ግን በፍቅር አቅም እየቀማን ነው። አባትዎ ሱቅ ድረስ መሄዱን ሲያቆም ያቆመው 200 እርምጃ ብቻ አይደለም። ጡንቻውን፣ ሚዛኑን፣ የሰፈሩን ሰላምታ፣ "እችላለሁ" የሚለውን ስሜትም አብሮ ያቆማል። ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይሟሽሻል፣ በተለይ ከ60 በኋላ የሄደውን መመለስ ከባድ ነው።

ደግሞም ሽማግሌ ዱብ ዱብ ሲል ያየ ጎረምሳ "አባባ፣ ማን አሳደደዎት?" ይላል። እናት ስትሮጥ ደግሞ "እማማ ምን ነካቸው!" ይባላል። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው በ36 ዓመቱ ነው። በ40 ዓመቱ ደግሞ ሙኒክ ላይ የነሐስ ሜዳሊያ አመጣ። የሯጮች አገር ነን እንላለን፤ ሩጫን ግን የወጣትና የሜዳሊያ ነገር ብቻ አድርገነዋል። ለመኖር መሮጥ የሚባል ነገር አለ፣ ለሱ ደግሞ ዕድሜ አይጠየቅም።

ስለዚህ እጠይቃችኋለሁ፦ በዚህ ሳምንት አባታችሁን ወይም እናታችሁን ተቀመጡ አትበሏቸው። "ከኛ ቤት ጀርባ ያለው ቅያስ በየት ነው የሚወጣው?" ብላችሁ ጠይቋቸውና አብራችሁ ውጡ። ስልካቸው ላይ መመዝገቢያውን ጫኑላቸው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የስኳርና የግፊት መለኪያ መላካችሁ ጥሩ ነው፣ በዚያ ላይ አንድ ልካቸው የሆነ ጥሩ የስፖርት ጫማ ጨምሩበት። ስትደውሉም "መድኃኒት ወሰድሽ?" ብቻ ሳይሆን "ዛሬ የት ሰፈር ደረስሽ?" በሏት።

መሮጥ የቻለ ይሩጥ። ያልቻለ ይራመድ። ከዘራ የያዘም በከዘራው አንድ ቅያስ ይጨምር። ዋናው ነገር ዓለማችን በየወሩ በአንድ መንገድ እንዲሰፋ እንጂ እንዳይጠብ ነው።

💬 እስኪ እናንተ የየት ሰፈር ሰው ናችሁ? በሰፈራችሁ እስከዛሬ ገብታችሁበት የማታውቁት ቅያስ የቱ ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን። ከ50 በላይ ለሆነ ወዳጅ ዘመድ ሼር ማድረግም እንዳይረሳ።

⚠️ ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ምክር ነው፤ የግል ሐኪምዎን ምርመራና ምክር አይተካም።

መልካም ጤና!